ስለ ጥቁርና ነጭ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ለልጆች ስታስተምሪ ከፋርምቪል ጀምሪ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። በቀደም የራሴ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ ‹እማዬ፣ ድሮ ቢሆን እኔና ጓደኛዬ አንድ ክፍል አንማርም ነበር?› አለኝ። ጓደኛው ነጭ ነው። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ለፌብሩዋሪ፣ ለጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ስለዚህ ታሪክ አንድ ቀን ላስተምር አሰብኩ። በ1954 ፍርድ ቤት መለያየቱን እንዳስቀረ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ እንዲሰማቸው በልብሳቸው ቀለም ለሁለት ከፍዬ ግማሾቹን ኋላ ወንበር አስቀምጣለሁ። አንዳንድ ወላጆች ግን ‹ይሄ የኛ ታሪክ አይደለም› አሉኝ። ሌሎቹ ደግሞ ‹ለልጆቹ ጥላቻ ታስተምሪያቸዋለሽ› ይላሉ። እንዴት ላድርገው?»

በልብስ ቀለም መክፈሉን ተዪው። ለሌላው ሁሉ መላ አለው፣ ይሄ ግን ይቅር። እኔም ታሪክ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሞክሬዋለሁ። ኋላ ካስቀመጥኳቸው አንዷ ልጅ አለቀሰች። ከሳምንት በኋላ ከትምህርቱ ምን እንደቀራቸው ስጠይቅ አብዛኞቹ የነገሩኝ እኔ ያን ቀን ክፉ እንደነበርኩ ነው። ስለ ታሪኩ አንድም ነገር አልቀረላቸውም። ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ከዚያ ወዲህም አልደገምኩትም።

ችግሩ ማስለቀሱ ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ነገር ያስተምራል። ልጁ መለያየት ማለት አንድ ሰው ሲከፋበት የሚመጣና በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። መለያየቱ ግን ሕግ ነበር። በጀት ነበር። የአውቶቡስ መስመር ነበር። ልበ ቀና የሆነ ነጭ አስተማሪ እንኳ ጥቁር ልጅ ክፍሉ ማስገባት አይችልም ነበር፣ ሕጉ አይፈቅድለትማ። በ1968 አይዋ ውስጥ ጄን ኤሊየት የምትባል መምህርት ልጆችን በዓይናቸው ቀለም ከፍላ ያደረገችው ሙከራ ዝነኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ይቀዳዋል። እሱ ራሱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በሳምንት አንዴ የሚገናኙ ልጆችን ይዘሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትሞክሪው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ 1954 ልሂድ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 1954 የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በቀለም መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል፣ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው። ትልቅ ቀን ነው። «መለያየቱ ያን ቀን ቀረ» ካልሻቸው ግን ውሸት ነግረሻቸዋል። ዋሽንግተንና ባልቲሞር በዚያው ሴፕቴምበር መቀላቀል ጀመሩ፤ በደቡቡ አብዛኛው ቦታ ግን አንድም በር አልተከፈተም። በ1955 ፍርድ ቤቱ ራሱ ተመልሶ «በታሰበበት ፍጥነት ይፈጸም» አለ። ቀነ ገደብ የለውም። እምቢ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። በ1956 ደግሞ 101 የደቡብ ሴናተሮችና የምክር ቤት አባላት ውሳኔውን የሚቃወም ሰነድ ፈረሙ። ከፍርዱ 10 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ በ11ዱ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከ100 ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ጋር የሚማሩት ወደ 2 ገደማ ብቻ ነበሩ። ይቺን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፊያትና ልጆቹን «ለምን?» በያቸው። ከማንኛውም ትወና የበለጠ ያነጋግራል።

መልሱ ገንዘብ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የሚለያይ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ እንዳያገኝ አደረገ። በ1965 ኮንግረስ ለትምህርት ቤቶች ብዙ ገንዘብ መደበ። አሁን እምቢ ማለት ኪስ ይነካል። ከዚያ በ1968 ከዚሁ ከቨርጂኒያ፣ ከኒው ኬንት ካውንቲ በመጣ ክስ ላይ ፍርድ ቤቱ «እያንዳንዱ ልጅ የፈለገበት ይግባ» የሚለው አሠራር አይበቃም፣ የትምህርት ቦርዱ ራሱ ሁለቱን ዓይነት ትምህርት ቤት አንድ ማድረግ አለበት አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የተንቀሳቀሰው። ልጆች ይሄን መረዳት አይከብዳቸውም። የቤት ሥራ ካልሠሩ ታብሌት የሚከለከሉ ልጆች ናቸው፣ «ካላደረግሽ ገንዘብ የለም» ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

የደቡብ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አድርገሽም አትንገሪያቸው። ቦስተን ውስጥ አንድ ጥቁር አባት ሣራ ሮበርትስ የምትባል ትንሽ ልጁ ደጇ ያለውን ትምህርት ቤት አልፋ ራቅ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት እንድትሄድ በመደረጓ ከተማውን ከሶ በ1850 ተረቷል። በ1855 ማሳቹሴትስ መለያየቱን በሕግ ከለከለች። በዚያችው ቦስተን ግን በ1974 ፍርድ ቤት ልጆች በአውቶቡስ እየተመላለሱ እንዲቀላቀሉ ሲያዝ፣ ጥቁር ልጆች በጫኑ አውቶቡሶች ላይ ድንጋይ ተወርውሯል። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲትሮይት ጉዳይ፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በዙሪያው ያሉት የነጭ ከተሞች ጥፋታቸው ካልተረጋገጠ በቀር ከዲትሮይት ጋር እንዲቀላቀሉ አይገደዱም አለ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ዲስትሪክት ወሰን እንደ ግንብ ሆነ። አንዱ ልጅ «ታዲያ ለምንድነው ዛሬም እኛ ትምህርት ቤት ነጭ ልጅ የሌለው?» ቢልሽ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ሕጉ ቀርቷል፤ ቤት የተገዛበት ሰፈርና ወሰኑ ግን ልጆችን አሁንም ይለያል።

የምመክርሽ ይሄ ነው። ስም እየጠራሽ ከአንዱ ጀግና ወደ ሌላው አትዝለዪ። አንድ ታሪክ ምረጪና እስከ መጨረሻው ሂጂበት፤ ያ ታሪክ ደግሞ ፋርምቪል ይሁን። ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፣ ዋና ተዋናዮቹ ልጆች ናቸው፣ መጨረሻውም ቶሎ አያምርም፤ ስለዚህ 1954 ላይ አያስቆምሽም።

ፋርምቪል ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የጥቁር ልጆች ሃይስኩል ሮበርት ሩሳ ሞተን ይባላል። የተሠራው ለ180 ተማሪ ነው፣ በ1951 ከ450 በላይ ተማሪ ነበረው። ቦርዱ አዲስ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ ግቢው ውስጥ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት የተሸፈኑ የእንጨት ቤቶች አቆመ። ዝናብ ሲሆን ያፈሳሉ፣ በክረምት ልጆቹ ኮታቸውን አያወልቁም። ሰዉ የዶሮ ቤት ይላቸው ነበር። ጂምናዚየም የለም፣ ካፌቴሪያ የለም። በዚያችው ከተማ የነጮቹ ሃይስኩል ሁለቱም ነበረው። ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ተማሪ ጥቂት ልጆች ሰብስባ በምስጢር መከረች። አፕሪል 23 ቀን 1951 ርእሰ መምህሩን በስልክ አታለው ከግቢ አስወጧቸው፤ ተማሪዎች አውቶቡስ ጣቢያ ችግር ውስጥ ገብተዋል ተብለው ነው የሄዱት። ከዚያ በእሳቸው ስም ለየክፍሉ የስብሰባ ወረቀት ተላከ። ተማሪው አዳራሽ ገብቶ መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የቆመችው ባርባራ ናት። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች፣ ተናገረች፣ ሙሉ ትምህርት ቤቱ አድማ ወጣ።

አድማ የሚለውን ቃል በአማርኛ አስተምሪያቸው። እናትና አባቶቻቸው፣ በተለይ አያቶቻቸው፣ ያውቁታል። በ1965 አዲስ አበባ ላይ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ ያየ ወይም የሰማ አያት ቤቱ ያለው ልጅ አይጠፋም። ልጁ ቤት ሄዶ «አያቴ፣ አድማ ወጥተህ ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹን ትምህርት እዚያ ያገኘዋል።

አድማው ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ነበር። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን የሚባሉ ጠበቆች ከሪችመንድ መጡና የምንይዝላችሁ መለያየቱን ራሱን የምትከሱ ከሆነ ነው አሏቸው። ልጆቹና ወላጆቹ ተስማሙ። በ1954 ከተወሰኑት አምስት ክሶች አንዱ የነሱ ነው፤ ሌሎቹ ከካንሳስ፣ ከሳውዝ ካሮላይና፣ ከደላዌርና ከዋሽንግተን የመጡ ናቸው። ፍርዱ በካንሳሱ ቤተሰብ ስም «ብራውን» ተብሎ ስለሚጠራ ብዙ ሰው የአንዲት ልጅ ክስ ይመስለዋል። ከአምስቱ በተማሪዎች አድማ የተነሣው የፋርምቪሉ ብቻ ነው። ዋጋም አስከፍሏል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ መስቀል ተቃጠለ፣ ርእሰ መምህሩ ሥራቸውን አጡ፣ የባርባራን ወላጆች ፍርሃት ይዟቸው አላባማ ወዳለው አጎቷ ላኳት።

እዚህ ላይ ታሪኩን ካቆምሽ ደስ የሚል ተረት ይሆናል። አታቁሚው። የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች በሴናተር ሃሪ በርድ መሪነት «ጽኑ ተቃውሞ» የሚባል ዘመቻ ጀመሩ። በ1958 የክፍለ ግዛቱ ገዥ በኖርፎክ፣ በቻርለትስቪልና በዋረን ካውንቲ ጥቁር ልጆች እንዲገቡባቸው የታዘዙትን ትምህርት ቤቶች ዘጋ። ፍርድ ቤቶች በጃንዋሪ 1959 ይሄን ሻሩት፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን አርሊንግተን ውስጥ አራት ጥቁር ልጆች ስትራትፎርድ ጁኒየር ሃይስኩል ገቡ። ፕሪንስ ኤድዋርድ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ከመቀላቀል ይልቅ ለሕዝብ ትምህርት ቤት የሚሆነውን በጀት ከለከለና በ1959 ሁሉንም ዘጋ። የነጭ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ከ1,500 በላይ ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት አልባ ሆኑ። አንዳንዱ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ተላከ፣ አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ፊደል ቆጠረ፣ ብዙው እርሻ ገባ። በ1963 በዕርዳታ ገንዘብ ጊዜያዊ ነፃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ካዘዘ በኋላ ነው። በ7 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባ የነበረ ልጅ 12 ሆኖት ማለት ነው። ይሄን ስነግር የክፍሌ ልጆች ሁልጊዜ ዝም ይላሉ፤ ወዲያው «ታዲያ እነዚያ ልጆች የት ደረሱ?» ይመጣል። ቨርጂኒያ በ2004 ለነዚያ ሰዎች የትምህርት ድጎማ አቋቁማለች፣ ጸጉራቸው ሸብቶ ክፍል የገቡ አሉ።

ወደ ወላጆቹ ልምጣ። «የኛ ታሪክ አይደለም» የሚለው ስህተት ነው፣ በትህትና ግን በግልጽ ንገሪያቸው። እኛ ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰውን በመልኩ እንለያለን። በ1924 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም። ጥቂት የቀይ ሕንድ (የአሜሪካ ነባር ሕዝብ) ደም ላለባቸው ከተደረገ ጠባብ ልዩነት በቀር፣ ነጭ ማለት ሌላ ደም ጭራሽ የሌለበት ነው ይላል። ጠይም ነኝ ማለት በር አያስከፍትም። በ1961 እንኳ ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን የሚጓዙ የአፍሪካ ዲፕሎማቶች ሜሪላንድ ውስጥ ሩት 40 ላይ ምግብ ቤት አንገቡም እየተባሉ መንግሥትን አሳፍሯል። ከዚህም በላይ፣ አፍሪካውያን ወደዚህ አገር በብዛት እንዲመጡ በሩን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የዚያው የመብት ትግል ዘመን ልጅ ነው። ልጆቻችን የሚማሩባቸውንም ትምህርት ቤቶች ተመልከቺ። ፌርፋክስ ውስጥ ጀስቲስ ሃይስኩል እስከ 2018 ድረስ የሚጠራው በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ለማቆየት በተዋጋው በደቡብ ጦር ጄኔራል በጄብ ስቱዋርት ስም ነበር፣ የተከፈተውም በ1959 ነው፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተዘጋበት ዓመት። ሉተር ጃክሰን ሚድል ስኩል በ1954 ሲከፈት የካውንቲው ብቸኛ የጥቁሮች ሃይስኩል ነበር። ከዚያ በፊት የፌርፋክስ ጥቁር ልጅ ሃይስኩል ለመማር ዋሽንግተን ወይም ማናሰስ መሄድ ነበረበት። ከተማሪዎችሽ አንዱ ዛሬ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ይማር ይሆናል።

ጥላቻን የሚፈሩት ወላጆች ሐሳባቸው ከልብ ነው፣ አትናቂው። ጥላቻ የሚመጣው ግን ልጁ የተበደለና የበደለ ብቻ ይዞ ሲወጣ ነው። ሕጉ እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደፈረሰ ካየ ሰው መጥላት ሳይሆን መጠየቅ ይማራል። በሌላ በኩል ለማስደሰት ብለሽ ነገሩን አታለስልሺው። ቨርጂኒያ ራሷ በ4ኛ ክፍል የክፍለ ግዛቱ ታሪክ ውስጥ «ጽኑ ተቃውሞን» ታስተምራለች፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ልጆች ሰምተውታል። ከኛ ጋ ሌላ ችግር አለ፣ ደፍሬ ልናገረው። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «ከነሱ ጋር አትዋል» ይባላል። ልጁ ይሰማል። ቅዳሜ ስለ ባርባራ ጆንስ ተምሮ እሑድ ይሄን ከሰማ የትኛውን እንደሚያምን አላውቅም። ለወላጆቹ አጭር መልእክት ላኪና በዚያ ወር ቤት ውስጥ የሚባለውን እንዲያስተውሉ ጠይቂያቸው።

የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ሁሉ መጥፎ ነበር ብለውም እንዳይወጡ። ሕንፃው ነው የተጎሳቆለው። ዋሽንግተን ያለው ደንባር ሃይስኩል መለያየት በነበረበት ዘመን ዶክትሬት ያላቸው መምህራን ነበሩት፤ ለ1954ቱ ድል መንገዱን የጠረገው ጠበቃ ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን ከዚያ ነው የወጣው። መቀላቀሉ ሲመጣ ብዙ ቦታ የተዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት ነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር መምህራንና ርእሰ መምህራን ከሥራ ተባረሩ። ይሄን ለ12 እና ለ13 ዓመቶቹ ንገሪ፣ ለትንንሾቹ ይቆይ።

ስለ ቃላት አንድ ነገር። «የዘር መለያየት» አትበዪ። ዘር የሚለው ቃል ዛሬ ለኛ ሰው የአገር ቤቱን ጣጣ ነው የሚያስታውሰው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ወላጆች ደግሞ ከየብሔሩ ናቸው። «በቆዳ ቀለም መለየት» በይ። የዘመኑን ስድብ ጮክ ብለሽ አታንብቢ፣ ልጅም እንዲያነብ አታድርጊ። ጥቁሮች በመንጋ ተሰቅለው ሲገደሉ የተነሣ ፎቶግራፍ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። አንዱን ልጅ «አንተ በነሱ ቦታ ብትሆን ምን ይሰማህ ነበር?» ብለሽ ለሁሉም ወኪል አታድርጊው። ትንንሾቹ ላይ ከከበደ ሩቢ ብሪጅስን ንገሪያቸው፤ በ1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በ6 ዓመቷ በፌዴራል ጠባቂዎች ታጅባ ገብታ፣ ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላስወጡ ዓመቱን ከአንዲት መምህርት ጋር ብቻዋን የተማረችውን። የተወለደችው በ1954 ነው፣ የአያቶቻቸው እኩያ ናት።

አንድ ቀን አይበቃም፣ ሦስት ቅዳሜ ያዥ። በመጀመሪያው የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ዕቃ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጪና ገንዘቡ የት እንደሄደ ራሳቸው ይድረሱበት። በሁለተኛው አድማውን ተርኪላቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለቦርዱ የሚላክ የአቤቱታ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፍ። አማርኛ ነው የምታስተምሪው፣ አቤቱታ መጻፍ ደግሞ ከኛ በላይ የሚያውቅበት የለም። ትንንሾቹ አራት መስመር ይበቃቸዋል። በሦስተኛው የተዘጉትን አምስት ዓመታትና ዛሬን። ከቻላችሁ በሚያዝያ መኪና ተከራዩና ፋርምቪል ውሰጃቸው፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። የሞተን ሃይስኩል ሕንፃ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ ባርባራ የቆመችበት አዳራሽ አለ። ያ ካልሆነ ሪችመንድ የካፒቶሉ ግቢ ውስጥ በ2008 የቆመው መታሰቢያ ላይ ከነጓደኞቿ ታገኟታላችሁ።

ለልጅሽ ግን እስከ ፌብሩዋሪ አትቆዪ። ዛሬ ማታ መልሺለት። «አዎ፣ አንድ ላይ አትማሩም ነበር። ሕጉ ይከለክል ነበር» በዪው፣ ሳታስረዝሚ። ትንሽ ዝም ብሎ «ማን አስቀየረው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ባርባራ ንገሪው፣ ዕድሜዋን መጀመሪያ።